ላንድክሩዘር ፒካፕን ከእርሻ ሥራ ጋር ማላመድ፦ ከባዶ ማሳ እስከ ሙሉ ጭነት

ለእርሻ መኪና ሲገዛ አብዛኛው ሰው ሞተሩን ያስፈትሻል፣ ሊብሬውን ያጣራል፣ በዋጋው ይከራከራል። መንዳቱን ግን "እሱ ምን አለው፣ ስንት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ" ብሎ ያልፈዋል። ያ ሁሉ ዓመት አስፋልት ላይ ያለቀ ከሆነ ብዙም አይረዳውም። ከአዲስ አበባ መቂ ድረስ በሰላም የመጣ ሾፌር ከዋናው መንገድ ወጥቶ ሽንኩርት ማሳ መሃል ሲገባ ሌላ ሥራ ነው የሚጠብቀው። አፈሩ ይንሸራተታል፣ ጭነቱ ይወዛወዛል፣ ጥላ ፈልጎ መኪናው ሥር የተኛ ሰውም ሊኖር ይችላል።

እዚህ የምጽፈው ስለ ላንድክሩዘር 79 ነው፤ ባለ ነጠላ ጋቢናው ፒካፕ። ብዙዎቹ ዋን ኤችዜድ የሚባለውን 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የያዙ ናቸው። ሃይሉክስ ወይም ሌላ ፒካፕ የያዛችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። "አዲስ" ስል ለእናንተ አዲስ የሆነውን ማለቴ ነው፤ ሌላ ሰው ዓመታት ቢነዳውም ለእናንተ እጅ አዲስ ነው።

1. ሞተር ሳታስነሱ ጀምሩ

ወንበሩን አስተካክሉ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ስትረግጡ ጉልበታችሁ በትንሹ ታጥፎ መቅረት አለበት። እግሩ ተዘርግቶ ካለቀ፣ ማሳ ውስጥ መኪናው ሲነጥር ፔዳሉ ያመልጣችኋል። ስፖኪዮዎቹን ከወትሮው ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ የኋላ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ እንዲታያችሁ።

መሪውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከክቡ ውጪ ይሁን። ጎማው ድንጋይ ወይም የቦይ ጠርዝ ሲመታ መሪው በድንገት ይዞራል፤ ወደ ውስጥ የገባ አውራ ጣት ያኔ ሊሰበር ይችላል። ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ካልያዛችሁት በኋላ አይመጣም።

ከዚያ አንድ ሰው ጥሩና ሁለት ችካል ይዞ ይቁም። እናንተ ቀስ ብላችሁ እየተጠጋችሁ የፊት ግራና ቀኝ ጎማ የት እንዳለ በችካሉ ለዩ። ከሾፌሩ ወንበር ኮፈኑ ረጅም ነው፤ ከፊቱ ያለው መሬት አይታይም። የማይታየው ርቀት ስንት እርምጃ እንደሆነ ወርዳችሁ ለኩት። በውሃ ጎማዎችና በድሪፕ መስመሮች መካከል የሚነዳ ሰው ይህን በልቡ ማወቅ አለበት።

2. በደረቅ፣ በባዶ፣ በሜዳ

የመጀመሪያው ልምምድ ምርት የሌለበት፣ ሜዳ የሆነ፣ የደረቀ ማሳ ላይ ይሁን። ጭነት የለም። አጠገባችሁ የሚያወራ ሰውም ባይኖር ይመረጣል።

እኔ ከሁሉ የምመክረው አንድ ልምምድ አለ። ረዳት ማርሹን ኤል4 ላይ አድርጉ (አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያሠራው ነው፤ ክፍል 3 ላይ እንመጣበታለን)፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁና እግራችሁን ከሁሉም ፔዳል ላይ አንሱ። ነዳጅ አትስጡ። ሞተሩ በራሱ መኪናውን እየጎተተ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ይሄዳል፤ ትንሽ ጉብታ ቢያገኝም አይጠፋም። ይህ የናፍጣ ሞተር ትልቁ ጸጋ ነው። ፍሪሲዮን በግማሽ ይዘው የሚነዱ ሰዎች ይህን ስለማያውቁ ነው ዲስኩን የሚያቃጥሉት። በዚህ ሁኔታ ማሳውን ዙሩ፣ በችካሎቹ መካከል እለፉ፣ ወደ ኋላም ሂዱ። ሲሰለቻችሁ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ልቅ አፈር ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና የት እንደቆመ እዩ። ያንኑ ጠንካራ መሬት ላይ ድገሙት። ልዩነቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ባዶ ፒካፕ ከኋላ በጣም ቀላል ነው፤ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ወጣ ገባ መንገድ ላይ የኋላው ይዘላል። ፍጥነት ስትቀንሱ መዝለሉ ይቆማል።

መኪናው ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። የቶዮታ መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን፣ ለ800 ኪሎ ሜትር ደግሞ ተሳቢ መጎተትን እንድትተዉ ይላል። እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ደግሞ በከባድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ አትንዱ ይላል። እርሻ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ አንደኛና ሁለተኛ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተማ የሚላክ ዕቃ ካለ በዚሁ መኪና ላኩት፤ ሞተሩ የተለያየ ፍጥነት ያግኝ።

3. ኤች2፣ ኤች4፣ ኤል4

ብዙ ካምቢዮ የሚበላው እዚህ ላይ ባለ አለመግባባት ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ኤች2 ማለት የኋላ ጎማዎች ብቻ ይገፋሉ። ለአስፋልትና ለጥሩ ጠጠር መንገድ ነው። ኤች4 አራቱንም ያሠራል፤ ፍጥነቱ የተለመደው ነው። ኤል4 አራቱንም ያሠራና ጉልበቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ያሳድጋል፤ ፍጥነቱን ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በእጅ የሚቆለፍ ሃብ ያላቸው መኪኖች ላይ ማንሻውን መሳብ ብቻውን አይበቃም። ወርዳችሁ በሁለቱም የፊት ጎማዎች መሃል ያለውን ክብ "ሎክ" ወደሚለው ማዞር ያስፈልጋል። አንዱን ቆልፎ ሌላውን የረሳ ሰው የፊት ጎማ አይሠራለትም፤ ከዚያ "ፎር ዊሉ ተበላሽቷል" ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። በክረምት ሃቡን ከሰኔ እስከ መስከረም ቆልፋችሁ ብትተዉት ጉዳቱ ጥቂት ተጨማሪ ናፍጣ ነው። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሃብ ከማዞር ይሻላል።

ኤች4 ሃቡ ከተቆለፈ በዝግታ እየሄዳችሁም ይገባል። ኤል4 ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው። እየተንከባለለ በጉልበት የሚያስገባ ሰው የሚሰማው ጩኸት የጥርስ ድምፅ ነው።

ደረቅ አስፋልት ላይ በኤች4 አትንዱ። መኪና ሲጠማዘዝ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። በኤች4 ግን ፊቱና ኋላው እኩል እንዲዞሩ ተገደዋል። ልቅ አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይካካሳል። አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለሌለ ጉልበቱ ትራንስሚሽኑና ዲፈረንሻሉ (በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ያለው የጥርስ ቤት) ውስጥ ይታመቃል። ምልክቱ መሪው መክበዱ፣ ማንሻውም ከኤች4 አልወጣም ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሆን አትታገሉት። ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፤ ይለቃል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አራቱ ጎማ መግፋቱን እንጂ ማቆሙን አያግዝም። ጭቃ ላይ በኤች4 ቆንጆ አድርጎ ስለሄደ ቆንጆ አድርጎ ይቆማል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በበጋ ባያስፈልጋችሁም በወር አንድ ጊዜ ልቅ መሬት ላይ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በኤች4 ንዱት። የፊቱ ክፍል ዘይት የሚዳረሰው ሲሠራ ነው።

4. አፈሩን በእግር እዩት

መቂና ባቱ አካባቢ አፈሩ ቀላልና አሸዋማ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይጠነክራል፤ ችግሩ በበጋ አቧራው ነው። በአደአና በበቾ ሜዳ ግን ዋልካ ነው። እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሳታገኙት አትቀሩም። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ስንጥቁ እግር ሊውጥ ይችላል፤ ገለባ ሲሸፍነው ደግሞ አይታይም። አጨዳ ያለቀበት ማሳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ባሌስትራ የሚሰብረው በዚህ ነው።

በክረምት መኪናውን ከማስገባታችሁ በፊት ራሳችሁ ግቡ። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሂዱ። አፈሩ ጫማችሁ ላይ ተለጥፎ እግራችሁን ካከበደው ጎማውም ላይ ይለጠፋል። የጎማው ጥርስ በዋልካ ከሞላ የተላጠ ጎማ ሆነ ማለት ነው፤ ፎር ዊልም አያድነውም። አፈሩን በጭብጣችሁ ጨምቁት። እንደ ሊጥ ከተያያዘና እጃችሁን ከያዘ፣ ያን ቀን ምርቱን በአህያ ወይም በሸክም አውጡ። ግማሽ ቀን ፀሐይ ቢወጣም አትታለሉ፤ ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ እንዳለ ነው።

የግድ መግባት ካለባችሁ ኤል4ን ከጭቃው በፊት አስገቡ፤ መሃል ላይ ቆሞ ማስገባት ዋጋ የለውም። ሁለተኛ ማርሽ፣ እኩል ነዳጅ፣ ፍሬን የለም፣ መቆም የለም። ጉልበቱ እየቀነሰ ሲመጣ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ አድርጉ፤ የጎማው ጠርዝ አዲስ መያዣ ያገኛል። መኪናው ወደፊት መሄዱን ካቆመና ጎማው ብቻ ከዞረ ወዲያውኑ እግራችሁን አንሱ። ከዚያ በኋላ የምትሰጡት ነዳጅ ሁሉ ጉድጓድ መቆፈሪያ ነው።

የመኪና መንገዱን አንድ ጊዜ ወስኑና በዚያው ብቻ ሂዱ። እርጥብ ማሳ ላይ ያለፈ ሙሉ ፒካፕ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ መስመር ላይ ሰብሉ አጥሮ ታዩታላችሁ። አቋራጭ የሚወድ ሾፌር ያላችሁ ይህን አሳዩት።

5. ጭነቱን በደረጃ

ይህ መኪና የሚችለው አንድ ቶን ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ኩንታል። ሃያ ሲጫንበት አይታችኋል፣ አውቃለሁ። መሄድ ይችላል። መቆም ነው የማይችለው።

በሦስት ኩንታል ጀምሩ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ከዚያ ሙሉ። በየደረጃው የፍሬኑንና የመጠምዘዙን ልምምድ ድገሙ። ገበያ ላይ "ኩንታል" የሚባለው ጆንያ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል በሚዛን እንጂ በጆንያ ቁጥር አትመኑ። የማዳበሪያው 50 ኪሎ ከረጢት ለልምምድ ይመቻል፤ ክብደቱ የታወቀ ነው።

ከባዱን ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ ጫኑ። ከኋላ ዘንግ አልፎ ጫፍ ላይ የተከመረ ጭነት የፊቱን ያነሳዋል፤ ያኔ መሪው ይቀላል፣ መኪናውም ያዞራችሁበት አልሄድም ይላል። የጎማ ንፋስ ለጭነት ስንት እንደሆነ በበሩ ፍሬም ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግራችኋል። ጎሚስታው በልምድ የሚሞላው ሌላ ነው።

ውሃ ከሁሉም ይከብዳል። አንድ በርሜል 200 ኪሎ ነው። የ1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር ቶኑን ጨርሷል። "እንግዲያው ግማሽ ልሙላው" የሚለው ሐሳብ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ግማሽ የሆነ ውሃ በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይገፋል፣ ተዳፋት ላይ መኪና የሚገለብጠው እሱ ነው። 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዝታችሁ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ በደንብም እሰሩት።

ሠራተኛ ጭነት ላይ አይቀመጥ። ይህን ማስቆም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፀሐይ ነው፣ ደክሟቸዋል፣ ማሳው ሩቅ ነው። ሁለቴ ተመላለሱ።

6. ተዳፋት፣ ቦይና ወንዝ

ተዳፋትን ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። በጎን አትሂዱበት። ስትወርዱ ኤል4፣ አንደኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ይነሳ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። መሃል ላይ ማርሽ መቀየር የለም።

ስትወጡ ሞተር ቢጠፋ አትደንግጡ። የእግር ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ። አስነሱና በመጣችሁበት ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ውረዱ። እዚያው ላይ ለመዞር መሞከር መገልበጥ ነው። ፎሌ ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ መውረድም ያው ነው። ይህን መጀመሪያ ትንሽ ጉብታ ላይ ሞተሩን ሆን ብላችሁ እያጠፋችሁ ተለማመዱት።

ትንሽ ቦይ ሲሆን ሰያፍ አድርጋችሁ ተሻገሩ፤ ጎማዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ሦስቱ መሬት ይይዛሉ። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ወይም ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ከለሰለሰ ቱቦ ቅበሩበት፤ በየቀኑ ጠርዙን ከማፍረስ ርካሽ ነው።

ወንዝን በእግር ሳትሻገሩ በመኪና አትሻገሩ። ዱላ ይዛችሁ ግቡ። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ወይም ቀልቶ እየጮኸ ከመጣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ የላይኛው አገር ዝናብ ሲያባራ ይጎድላል። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን በለስላሳው እየነካካችሁ ጥቂት ሂዱ፣ እንዲደርቅ።

7. ከመንቀሳቀስ በፊት አንድ ዙር

ቆሞ የነበረ መኪና ከመነሳቱ በፊት ዙሩትና ሥሩን እዩ። እርሻ ላይ ጥላ ውድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከመኪናው ሥር ሠራተኛ፣ ሕፃን ወይም ውሻ መተኛቱ የተለመደ ነው። ዙሩን ስትጨርሱ ክላክስ አንድ ጊዜ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ሂዱ። ወደ ኋላ ስትነዱ አንድ ሰው ቆሞ ይምራችሁ፤ እሱም በስፖኪዮ ከሚታያችሁ ቦታ አይውጣ። ከጠፋባችሁ ቁሙ።

8. ሲያዝ

መኪናው አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ መያዙ አይቀርም። መጀመሪያ ውረዱና እዩ፤ ዲፈረንሻሉ መሬት ነክቷል ወይስ ጎማው ብቻ ነው የገባው? ጎማው ብቻ ከሆነ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ጭቃ በአካፋ አጽዱ፣ ጠጠር ወይም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ጠቅጥቁ፣ በመጣችሁበት ፈለግ ወደ ኋላ ውጡ። ወደፊት ለመውጣት መሞከር የሚያምረው ሁልጊዜ ነው፤ የጠነከረው መሬት ግን ያለው በስተኋላ ነው። ጭነት ካለ አውርዱ።

ንፋስ መቀነስም ይረዳል። እስከ 20 ፒኤስአይ ድረስ አውርዱ፤ ጎማው ይሰፋል፣ ይይዛል። ከወጣችሁ በኋላ በዝግታ ሂዱና አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ሙሉት። ለዚህ ትንሽ ኮምፕሬሰር መኪናው ውስጥ ይኑር።

ክሪክ ዋልካ ላይ ብቻውን ይሰምጣል። ሰፊና ወፍራም ጣውላ ከወንበር ኋላ አስቀምጡ። የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

በትራክተር የምትጎተቱ ከሆነ ገመዱ የሚታሰረው በመጎተቻው መንጠቆ ላይ እንጂ በፓራውልቱ ላይ አይደለም። ገመዱ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ተመልካቹን ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አርቁት፤ እርሻ ላይ መኪና ሲያዝ ሰፈሩ በሙሉ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የሚገፉት ልጆችም ከጎማው በስተኋላ ቀጥ ብለው አይቁሙ።

9. ማታ ላይ

ስንዴ ወይም ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ ከዋላችሁ መጀመሪያ ሥሩን እዩ። ገለባ ጭስ ማውጫው ላይ ተጠምጥሞ ከቆየ በእሳት ይያያዛል። በእንጨት አስወግዱት። የእሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ይሁን፤ ከጭነት ሥር የተቀበረ ማጥፊያ አይጠቅምም።

ጎማዎቹን በእጅ ዳስሱ። ግራር ባለበት አገር እሾህ ወዲያውኑ አያስተነፍስም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሠራተኛ ቆሞ ሲጠብቅ ነው የምታገኙት። መለዋወጫ ጎማውም ንፋስ እንዳለው እዩ።

አቧራ በበዛበት ወቅት የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ አውጥታችሁ ከውስጥ ወደ ውጪ በንፋስ አራግፉ። ጭቃ ወይም ወንዝ ውስጥ ከገባችሁ ለትራንስሚሽኑ መስቀለኛዎች ግራሶ ስጡ፤ አዲሱ ግራሶ አሮጌውንና ውሃውን ገፍቶ እስኪያወጣ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየር።

ናፍጣ በበርሜል የምታስቀምጡ ከሆነ በርሜሉን ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ ሌሊቱን ይረፍ። ውሃና ቆሻሻው ወደ ታች ይወርዳል። ስትቀዱ ቱቦውን እስከ ወለሉ አትድፈቁት፤ የመጨረሻውን አራት ጣት ተዉት። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮው መብራት ከበራ ደግሞ አቁሙና ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለውን ቡሎን አላልታችሁ ውሃውን አፍስሱት፤ ንጹሕ ናፍጣ መምጣት ሲጀምር ዝጉት።